ከሰል ማውጫው ውስጥ የደረስነው ለቅሶ

ካሊፎርኒያ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበር ሲሉኝ፣ ካላየሁ አላምንም ብዬ፣ በቅርቡ ከአስመራ የመጡትን ጎረቤቴን ጋሽ ሃብቶምን ይዤ ከኦክላንድ ወደ አንቲዮክ ነዳሁ። የማዕድን ከተማው ጠፍቷል፤ የቀረው ኮረብታው፣ የሃይኪንግ መንገዱና ዋሻው ነው። "ሄልሜት ማውለቅ ክልክል ነው" ተብለን ገባን። እኔ አስጎብኚዋን በጥያቄ አጣደፍኳት፤ ስንት ሜትር ይወርዳል? በምን እያበሩ ነበር የሚቆፍሩት? መሐል ላይ "ቅድመ አያቴ የሞተው እዚህ ውስጥ ነው" አለችኝ። ለጋሽ ሃብቶም ተረጎምኩላቸው። ወዲያው ሄልሜታቸውን አወለቁ።

"እግዜር ያጽናሽ በላት።"

"ጋሼ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል እኮ!"

"እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው። እስከ ዛሬ ሳልደርስ የቀረሁት ስላልሰማሁ ነው በላት።"

እያፈርኩ፣ እንዳሉት ተረጎምኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር። ልጅቷ ግን ባትሪዋን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። "በእናንተ አገር ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አሜን ነው የሚባለው።"

ወደ እሳቸው ዞራ "አሜን" አለች። ያኔ እኔም ሄልሜቴን አወለቅኩ፤ እሷም ምንም አላለችኝ።