የሚስተር ዋልተር የሰርግ ሙዚቃ

በኛ ጊዜማ እዚህ አሜሪካ ኦክላንድ ውስጥ ሰርግ ሲደገስ ዘፈኑ በካሴት ነበር፣ አትሳቁ! ታዲያ እኔ አዲስ አበባ ትራምፔት ስነፋ የኖርኩ ሰውዬ፣ የእህቴ ልጅ ሰናይት በካሴት ልትዳር? "አይደረግም!" አልኩና ፎቅ ላይ ወደሚኖረው ጎረቤቴ ወደ ሚስተር ዋልተር ወጣሁ። ዋልተር ማለት በወጣትነቱ ለትልልቅ የዳንስ ባንዶች ሙዚቃ ሲያቀናብር የኖረ፣ ዘመኑ ሲያልፍ ግን ማንም ኮል የማያደርግለት ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። የሰርግ ዘፈናችንን ሳንጎራጉርለት ዓይኑ በራ! "ማን ይጫወተዋል?" አለኝ። "እኔና ያንተ ሪታየር ያደረጉ ጡረተኛ ጓደኞች!" እና ሳምንቱን ሙሉ እያፏጨ ኖታ ጻፈ።

ታዲያ በሰርጉ ቀን ሳንሆዜ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ እነዚያ ሽማግሎች ነፉ እላችኋለሁ፣ ነፉ! ዘፋኛችን የሙሽሪትን እናት አወደሰ፣ አባቷን አወደሰ፣ እኔን አጎቷን እንኳ አወደሰ፣ እና ጧ! ኖታው አለቀ። ዋልተር ያማረ መጨረሻ ጽፎለት ኖሯል፤ የሙሽራው ወገን ሳይወደስ እንደማይቆም በምን ይወቅ!

የሙሽራው እናት እትዬ በላይነሽ ብድግ አሉ። "እኛ ሰው አይደለንም? ተነሡ፣ እንሂድ!" ወገናቸው ሁሉ ኮቱን አነሣ። ሰናይት ልታለቅስ ነው። እኔ ሮጬ፣ "ሚስተር ዋልተር፣ እነዚህን ካላወደስን ሰርጉ ፈረሰ!" ስለው፣ "ታዲያ ማን ቁም አለህ?" ብሎ ኖታውን ወረወረው! ወደ ሳክስፎኖቹ ዞሮ "ዱባ-ዱ-ባ!" ብሎ ዘፈነላቸው፣ ያዙት፤ ትሮምቦኖቹን "ዋ! ዋ!" አላቸው፣ እነሱም ያዙት፤ ዘፋኛችን "የእትዬ በላይነሽ ልጅ!" ሲል ዋልተር ነፊውን ሁሉ ባንዴ ብድግ አደረገው። እትዬ በላይነሽ በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው እንደተቆጣ ነው፣ ትከሻቸው ግን ታርቋል! እና ኮታቸውን ለባላቸው ወርውረው እስክስታውን ወረዱት።

ዋልተር ላብ በላብ ሆኖ "መቼ ነው የሚያልቀው?" አለኝ።

"ኧረ ገና አክስቶቹ አሉ!"

ሳቁ አፈነው። "ዕድሜ ልኬን ለዳንስ ጻፍኩ፤ አቁም የማይለኝ ሕዝብ ዛሬ አገኘሁ!"

ከዚያ ወዲያማ ከአላሜዳ እስከ ዳሊ ሲቲ የሐበሻ ሰርግ ሁሉ እሱን ነበር ኮል የሚያደርገው፣ ስልኩ እረፍት አጣ። አርጅቷል ይሉት ነበር እኮ። ምን አርጅቶ! ጠሪ አጥቶ እንጂ፣ ሃሃ!