የኢክራም ድምፅ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር እንዳይቀበር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ምሳ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ፣ በተለይ ከጠዋት ጀምራ ወንበር ስትደረድር ለነበረችው ለቤቴል፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዶክተር ወልደ ሚካኤል፣ ድርጅቱን መሥርተው እኔን ስለቀጠሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአማርኛ ተናገሪ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። አማርኛ ለማይሰሙት ባልደረቦቻችን ሔርሜላ ትተረጉማለች። በቀልዴ ካልሳቁ ጥፋቱ የእሷ ነው!

ሰው ሪታየር አድርጎ ጡረታ ሲወጣ ስለ ራሱ እንዲያወራ ይጠበቃል። እኔ ግን ስለ አንዲት ደንበኛችን ባወራ ደስ ይለኛል። አዲስ የገባችሁት አታውቋትም።

ኢክራም የምትኖረው ሄይዋርድ ከተማ ነው። ከተወለደች ጀምሮ አንደበቷ አይታዘዛትም። የምትለውን እኛ በሠራነው መሣሪያ ላይ ትጽፋለች፤ መሣሪያው ይናገርላታል። ትምህርት ቤት እጇን አውጥታ የመለሰችው፣ ከእናቷ ጋር የተጨቃጨቀችው፣ ለሥራ ኢንተርቪው የተደረገችው በዚያ ድምፅ ነው። ትንሽ በአፍንጫው የሚናገር፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምፅ። ለእኛ የማሽን ድምፅ ነው፤ ለእናቷ ግን የልጇ ድምፅ ነው።

አንድ ቀን ባቡር ስትሳፈር መሣሪያው ከጭኗ ላይ ወድቆ ተሰበረ። እናቷ ደውላ «ልጄ ዝም አለችብኝ» አለችኝ።

የመሣሪያው ሆድ ዕቃ የሆነው የድሮው ቦርድ መሠራት ቆሟል። የአዲሱ ቦርድ ቺፕ የድሮው ቺፕ ዘመድ ስለሆነ ድምፁን የሚሠራውን ኮድ እንደገና ወደ ቺፑ ቋንቋ መቀየር ይበቃ ነበር። ኮዱ የተጻፈው አሴምብሊ በሚባል የኮድ ቋንቋ ነው። ያንን ጽሑፍ ለቺፑ ወደሚገባው ቁጥር የሚለውጠው ፕሮግራም፣ አሴምብለር የምንለው፣ የነበረን አንድ ብቻ ነው። የሠራው ኩባንያ ከተዘጋ ቆይቷል። ፕሮግራሙ ደግሞ እዚያ ጥግ ከነበረው አሮጌ ኮምፒውተር በቀር ሌላ ላይ አይሠራም። ያም ኮምፒውተር ተቃጥሎ ነበር።

ናዖድ፣ አትሸማቀቅ፤ ስምህን በክፉ አላነሳም። ያኔ ናዖድ ያለው ትክክል ነበር፦ «እትዬ አስካለ፣ ልጅቷ እየጠበቀች ነው። በታብሌት የሚሠራ በጣም ቆንጆ ድምፅ አለን። እሱን እንስጣት።»

ይዘንላት ሄድን። እውነትም ቆንጆ ድምፅ ነው፤ ዜና አንባቢ ይመስላል። ኢክራም ታብሌቱን ተቀበለች፣ ቀስ ብላ ጻፈች፣ ተጫነችው። ያ ቆንጆ ድምፅ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦

«ይቺ እኔ አይደለሁም።»

እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኛም ይቅርታ ጠይቀን ወጣን። ወደ ሳን ሆዜ ቢሮ ስንመለስ መንገድ ላይ ባለችው ኒውአርክ ትራፊኩ አቆመን። ናዖድ መሪውን እንደያዘ «የድሮውን ድምፅ ትራይ እናድርገው» አለኝ።

ሥራው ምን ነበር? ዛሬ በነፃ የሚገኙ ሌሎች አሴምብለሮች አሉ። ኮዳችንን ብንሰጣቸው ግን ስህተት በስህተት አደረጉት። ፀሐይ የሚለውን ቃል አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ይጽፈዋል፤ ስናነበው ግን ያው ነው አይደል? አሴምብለር ይህን አይቀበልም። ለአንዱ የማስታወሻ መጀመሪያ የሆነች ምልክት ለሌላው የትእዛዝ መለያ ናት። አንዱ መድረሻውን አስቀድም ሲል ሌላው መነሻውን አስቀድም ይላል። ቺፑ አንድ፣ ትእዛዙ አንድ፣ አጻጻፉ ለየብቻ።

እኔ አንዱን መርጠን ለእሱ እንድንቀይረው ነበር የፈለግሁት። ናዖድ ግን «እሱም ሲሞትስ? ያኔም አንዲት ኢክራም ዝም ትበል?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለዚህ ኮዱን በራሳችን ገለልተኛ ቃላት ጻፍነው። ለእያንዳንዱ አሴምብለር ደግሞ እነዚያን ቃላት ወደሱ ልማድ የምትተረጉም ትንሽ ፋይል ሠራንለት። አንዱ ቢጠፋ ትንሿን ፋይል መቀየር ነው፤ ዋናው አይነካም።

ደከምን፣ ተነታረክን፣ በመጨረሻ ስህተት የሚል መልእክት ጠፋ። ጮቤ ረገጥን። ከዚያ ድምፁን ከፈትነው። ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው! ሔርሜላ ሳቀች፤ እኔ ግን ላለቅስ ነበር።

ጥፋቱን ያገኘችው ሔርሜላ ናት። ከተሰበረው መሣሪያ ላይ የድሮው አሴምብለር ያሰላቸውን ቁጥሮች አውጥታ ከአዲሶቹ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። «ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት ስንት ነው?» አለችኝ። «አሥራ አራት» አልኳት። «ለድሮው አሴምብለር ሃያ ነው። ማባዛት ይቀድማል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል።» ኮዱን የጻፉት ሰዎች ያንን ተማምነው ነበር የጻፉት። መድኃኒቱ ቅንፍ ብቻ ነበር። የትኛው እንደሚቀድም በቅንፍ ስንነግራቸው ሁሉም አሴምብለሮች እኩል አሰሉት፤ ቁጥሮቹም ከድሮው ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ።

ሄይዋርድ ስንደርስ እናቷ እየጮኸች ተቀበለችን። ልጅቷ ዝም ካለች ጀምሮ ጮክ ብሎ መናገር ልማድ ሆኖባት ኖሯል። ኢክራም አዲሱን መሣሪያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጻፈች። ያ በአፍንጫው የሚናገር ድምፅ በእንግሊዝኛ ቤቱን ሞላው፦

«እማ፣ አትጩሂብኝ። የተበላሸው ጆሮዬ አይደለም!»

እናትየው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። ናዖድ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ። ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር።

በዚህ ሥራ ያየሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። የኮዱ የመጀመሪያ ጸሐፊዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ አንባቢያቸው፣ ያ የድሮው አሴምብለር፣ ሁልጊዜ አጠገባቸው የሚኖር መስሏቸው ነበር። እናንተ ስትጽፉ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው፣ ፊቱን ለማታዩት ሰው እዘኑለት። ሊጠይቃችሁ አይችልምና።

እኔ ኦክላንድ ነኝ። እዚያ ያለውን ሐይቅ ዳር ዳሩን በእግሬ ስዞር ታገኙኛላችሁ። ስለ ኮድ ከሆነ ናዖድን ጠይቁ፤ ለምሳ ከሆነ ኮል አድርጉልኝ።

ጤና አይለያችሁ። እጃችሁ የነካው ሁሉ ይቅና። ለልጆቻችሁ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ፣ ብቻ ያጫውቷችሁ። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ «እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት ዋልክ» ብሎ መልሱን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አያሳጣችሁ።

ደኅና ሰንብቱልኝ።