ሰባቱ ዲኬድ

(ባሕር ዳር፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል። የጣና ጀልባ አስጎብኚው አበጀ ጓደኞቹ ሐይቅ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ባጁን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ይታይሽ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ታየዋለች።)

አበጀ፦ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም አልኩ እኮ። አስጎብኚዎች ማኅበሩ ጋ ብቅ በይና «አበጀ ታሟል» ብለሽ ተመለሽ፤ በቃ።

ይታይሽ፦ ምኑን ነው የታመመው ሲሉኝስ?

አበጀ፦ ሆዱን በያቸው።

ይታይሽ፦ አሁን ፍርፍሩን ጥርግ ያደረገው ሆድ? እኔ በጠዋት አልዋሽም።

አበጀ፦ እንግዲያው ራሱን በያቸው።

ይታይሽ፦ እሱስ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ትናንት ከሐይቁ ከተመለስክ ጀምሮ ግድግዳ ላይ አፍጥጠህ ነው ያመሸኸው። ምን ሆነሃል?

አበጀ፦ ምንም።

ይታይሽ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ንገረኝና ከዋሸሁም አውቄ ልዋሽ።

አበጀ፦ ተዋረድኩ፣ ይታይሽ። ፈረንጆች ፊት። ከሁሉ የባሰው አባ ወልደ ትንሣኤ ፊት።

ይታይሽ፦ የነፍስ አባታችን ፊት? ምን አጥፍተህ?

አበጀ፦ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ይዤ ገዳሙ ደረስን። እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ አቆምኳቸውና ጉሮሮዬን ጠርጌ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመርኩ። ገዳሙ ሰባት መቶ ዓመቱ ነው አልኩ። አንደኛው ሳቀ። «እኔ የተወለድኩበት ቤት እንኳ ከዚህ ይበልጣል» አለ። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ብሎ የነበረው ሁለተኛውም መልሶ ማሰር ጀመረ።

ይታይሽ፦ ከሰባት መቶ ዓመት የሚበልጥ ቤት? ሰውዬው ጤነኛ ነው?

አበጀ፦ እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት። «እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝ ጭራሽ ደረቴን ነፋሁ። «ሰባት ዲኬድ፣ ሰባት ዲኬድ» እያልኩ ጮህኩበት።

ይታይሽ፦ ...ሻይህ ቀዘቀዘ። በትኩስ ልለውጥልህ?

አበጀ፦ ሻዩን ተይው። ዲኬድ ማለት ለካ መቶ ዓመት አይደለም። አሥር ነው።

ይታይሽ፦ ማን አለ?

አበጀ፦ ከአባ ጋር የነበረው ዲያቆን። እንግዶቹ ሳይገቡ ሲመለሱ አባ «ምን ሆነው ነው?» አሉ። እሱም ሰምቶኝ ኖሮ «አበጀ ገዳማችንን ሰባ ዓመቱ ነው ብሏቸው ነው» አላቸው።

ይታይሽ፦ ተቆጡ?

አበጀ፦ ቢቆጡማ ምን ነበረበት። ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ሰማንያን አልፌያለሁ፤ እንግዲያ ገዳሙን የመሠረትኩት እኔ ነኛ» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይታይሽ፦ ከሳቁማ አልተቀየሙህም ማለት ነው። የአንድ ቀን የአፍ ወለምታ ነው፣ ይረሳል።

አበጀ፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ደግሞ የምን አንድ ቀን? ማስጎብኘት ከጀመርኩ አንስቶ የምለው ይህንኑ ነው። ፈገግ እያሉ ሲያዩኝ እንግሊዝኛዬን የወደዱልኝ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ሌሊቱን ሙሉ የዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየመጣ ሲስቅብኝ አደረ።

ይታይሽ፦ ታዲያ ትክክለኛውን ይዘህ ትሄዳለህ እንጂ ተደብቀህ ልትኖር ነው? ሴንቸሪ ነው የሚባለው።

አበጀ፦ ዲያቆኑም እንደዚያ አለኝ። ግን አንዱን ስጠራ ሌላው እየቀደመ ይመጣብኛል።

ይታይሽ፦ ይሄን ሜትሬን እየው። አንድ ሜትር ስንት ሴንቲ ነው?

አበጀ፦ መቶ።

ይታይሽ፦ መቶ ሴንቲ፣ መቶ ዓመት። ሴንቲ ስትል ሴንቸሪ ይምጣልህ። ዲኬድን ደግሞ ደቂቅ በለው፤ ከሁለቱ ትንሹ እሱ ነው።

አበጀ፦ ሴንቲ፣ ሴንቸሪ። ደቂቅ፣ ዲኬድ። ሰባት... ሴንቸሪ። ኧረ ያዘልኝ።

ይታይሽ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሏል ይሄ ነው። በል አሁን ልበስ።

አበጀ፦ ይታይሽ።

ይታይሽ፦ ወይ።

አበጀ፦ ያኔ ስታስተምሪኝ እንዲህ አልነበረም ያልሽኝ።

ይታይሽ፦ እኔ ነኝ እንዴ ያስተማርኩህ?

አበጀ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ገና ሙሽራ ሳለሽ፣ እዚሁ ተቀምጠን። እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ቀዛፊ፣ አንቺ ስምንተኛን የጨረስሽ። «መቶ ዓመት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አልኩሽ። ጣሪያ ጣሪያውን አየሽና «ዲኬድ» አልሽኝ።

ይታይሽ፦ በትምህርቴ ስኮራብህ ከርሜ እንዴት ብዬ አላውቅም ልበልህ? አፈርኩ። ሁለቱም ቃላት ጆሮዬ ውስጥ ነበሩ፤ አፌ ላይ የመጣውን ሰጠሁህ።

አበጀ፦ እሱስ ይሁን፣ ልጅ ነበርሽ። ስህተት መሆኑን መቼ አወቅሽ?

ይታይሽ፦ ማስተዋል ስታጠና ሰማኋት።

አበጀ፦ ልጃችን? መቼ?

ይታይሽ፦ ...አምና።

አበጀ፦ አምና።

ይታይሽ፦ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ጫማህን እያሰርክ ያንን ንግግርህን ስትወጣው የስፌት መኪናዬን አስጮህበት ነበር። ብነግርህ ከዚያ በኋላ ዓይንህን እንዴት አየዋለሁ? ማንም አይነቃበትም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩት። በል ተቆጣኝ፣ ልስማው።

አበጀ፦ ምን ብዬ ነው የምቆጣሽ?

ይታይሽ፦ ያሻህን በለኝ፣ ዝም አትበለኝ ብቻ።

አበጀ፦ የአባን ነገር ልጨርስልሽ። ልሰናበታቸው ስል «ነገ እንግዶች ይዘህ ና፤ እዚሁ ፊቴ አስተካክለህ ትነግራቸዋለህ» አሉኝ። ወሬውን የሰማው ማኅበሩም ዛሬ ካልሄድክ ባጁን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን ብሎኛል።

ይታይሽ፦ ቃሉን አሁን ያዝከው አይደል? ምን ያስፈራሃል?

አበጀ፦ ቃሉንማ እንደምንም እወጣዋለሁ። አባ ሌላም ጠይቀውኛል። «ይህን ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ፊቴን ወደ ጀልባው መለስኩ። «እንግዲያው ነገ ትነግረኛለህ» አሉ። የማኅበሩን ሰዎች በራሴ ነው የተማርኩት ብዬ ዋሸኋቸው። ለነፍስ አባቴ ግን አልዋሽም። ስምሽንም ሰው በሚስቅበት ቦታ አላነሳም። ስለዚህ ቤቴ ቁጭ ልል ነው።

ይታይሽ፦ ባጁን ይወስዱብሃል እኮ።

አበጀ፦ ይውሰዱት።

ይታይሽ፦ ከሐይቁ ወጥተህ ምን ልትሆን ነው? ዓመቱን ሙሉ ያወቅኩትን ይዤ ዝም አልኩህ፣ አንተ ደግሞ እኔን ሸፍነህ እንጀራህን ልትጥል? ተነስ። ነጠላዬን አቀብለኝ፣ አብሬህ ነው የምሄደው።

አበጀ፦ የወንዶች ገዳም መሆኑ ጠፋሽ? ሴት ከጀልባው ወርዳ ሽቅብ አትወጣም።

ይታይሽ፦ እኔ መች እወጣለሁ አልኩህ። አባ «ማን አስተማረህ?» ሲሉህ፣ «ሚስቴ ናት፤ ታች ጀልባው ላይ ቁጭ ብላ እርስዎን እየጠበቀች ነው» በላቸው።