ለድንጋይ የመጣ ሰው

(ጎጃም፣ ኅዳር መገባደጃ፣ እኩለ ቀን፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ከሦስት ዓመት በፊት የተፋቱት እንጉዳይና ሽባባው በእንጉዳይ ግቢ፤ እሷ መዳፍ በምታህል የመሳያ ድንጋይ ማጭድ ትስላለች፣ እሱ የዶለዶመ ማጭድና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ይዞ ፊቷ ቆሟል።)

ሽባባው፦ የኔ ድንጋይ ነው አልኩሽ! መንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ሳለሁ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት!

እንጉዳይ፦ መግዛትህን መች ካድኩ? ዝናብ ላይ ጥለኸው መሄድህንስ ትክዳለህ?

ሽባባው፦ አልጣልኩትም፣ ረሳሁት።

እንጉዳይ፦ አዎ፣ በዚያ ሰሞን የረሳኸው ብዙ ነበር።

ሽባባው፦ ሽማግሌዎቹ ንብረት ሲያካፍሉን ድንጋዩ የእንጉዳይ ነው ያለ ሰው አለ?

እንጉዳይ፦ የሽባባው ነው ያለስ አለ? ፍየሏን ቆጠራችሁ፣ ጋኑን ቆጠራችሁ፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ቆጠራችሁ። ድንጋይዋ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ያወጣኋት እኔ፣ ያጠብኳት እኔ።

ሽባባው፦ እሺ ውሰጂው፣ ያንቺው ይሁን! ለዛሬ ብቻ አውሺኝ። ሰማዩን አታይም? ጤፌ ቆሟል። ይኼ ዝናብ ከጣለበት አለቀልኝ።

እንጉዳይ፦ ኧረ ከተሜው! ጤፍ የሚባል ነገር እንዳለዎት ማን አስታወሰዎት?

ሽባባው፦ አትቀልጂ። ጤፉን ያዘራችልኝ እህቴ ትናንት ደወለች። «እህልህ መርገፍ ጀምሯል፣ ሰማዩም ከፍቷል፣ ቶሎ ድረስ» አለችኝ። በጠዋቱ መኪና መጣሁ።

እንጉዳይ፦ መኪናው የት አወረደህ?

ሽባባው፦ ድልድዩ ጋ። የት ያወርደኛል ሌላ?

እንጉዳይ፦ ከድልድዩ በስተቀኝ ጉብታውን ዞር ስትል ማሳህ ነው። በስተግራ የእህትህ ቤት ነው። የኔ ቤት ደግሞ ሽቅብ፣ ዳገቱን ጨርሶ። እግርህ መንገድ ጠፋው?

ሽባባው፦ ማጭዱ ዶልዱሟል፣ ድንጋዩ ያለው እዚህ ነው፣ እዚህ መጣሁ። ሌላ ነገር የለውም።

እንጉዳይ፦ ሌላ ነገር አለው ያለህ ማን ነው?

ሽባባው፦ ማንም።

እንጉዳይ፦ እስቲ ማጭድህን አምጣው። ውይ ጉዴ! ይኼ ማጭድ ነው ማንኪያ?

ሽባባው፦ ስለቱ ጠፍቶ ነው እንጂ ብረቱ ጥሩ ነው።

እንጉዳይ፦ ስለቱማ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። «ከካምፕ በሰላም ከተመለስኩ ሁለተኛ ከቤቴ አልወጣም» ብለህ ለሚካኤል ተስለህ አልነበር? ያንን ስለት ስታፈርስ የማጭድህም ስለት አብሮ ሄደ።

ሽባባው፦ ሚካኤልን ለምን ታስገቢዋለሽ? ተሰቅሎ ስለከረመ ነው የዶለዶመ።

እንጉዳይ፦ የተሰቀለ ማጭድ ይዝጋል እንጂ አይሸራረፍም። ይኼ ሽቦ ቆርጧል።

ሽባባው፦ ትንሽ ሽቦ። የዶሮ ቤት ስንሠራ።

እንጉዳይ፦ አሃ፣ የጥሩወርቅን የዶሮ ቤት! ሚስትህንና መሬትህን ትተህ ከተማ ገባህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው ሴት የዶሮ ቤት ስትሠራ ኖርክ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ሽባባው፦ ስድቡን ለነገ አቆዪልኝ። እዚያ የተኮለኮሉት ማጭዶች የማን ናቸው?

እንጉዳይ፦ የወንፈሎቼ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ጀምረን ስናጭድ አረፈድን። እነሱ ታች ከዛፉ ሥር ምሳቸውን ይበላሉ፣ እኔ ለከሰዓቱ ማጭዳቸውን እስላለሁ።

ሽባባው፦ ያንቺ አለቀ በይኛ! የታደልሽ።

እንጉዳይ፦ የኔ ገና ቆሟል።

ሽባባው፦ ታዲያ ከማን ጀመራችሁ?

እንጉዳይ፦ የፈለግኸው ድንጋይ ነው ወይስ ወሬ?

ሽባባው፦ ድንጋይ! እነዚያን ስትጨርሺ የኔንም አንዴ ዳሰስ ዳሰስ ብታደርጊልኝ ምናለበት? ላንቺ ቀላል ነው።

እንጉዳይ፦ እጅ የለህም? ድንጋዩ ይኸውልህ። እዚሁ ዓይኔ ሥር ሆነህ ትስላለህ፣ ስትጨርስ ትመልሳለህ። ይዘኸው ከሄድክማ ደግሞ ትረሳዋለህ።

ሽባባው፦ አምጪው። ማጭድ መሳል ደግሞ ምን ጥበብ አለው?

እንጉዳይ፦ እህ! እህ! ቀስ በል! እባብ ነው የምትገድለው?

ሽባባው፦ እየሳልኩ ነዋ!

እንጉዳይ፦ በደረቁ?

ሽባባው፦ ምራቄን እንትፍ ብዬበታለሁ።

እንጉዳይ፦ ምራቅህማ ጉሮሮህንም አላራሰ። ያቺውልህ ውሃ ያለባት ጣሳ፣ ንከረው። አረፋ ሲተፋ ታያለህ፤ መትፋቱን ሲያቆም ጠጥቶ ጠግቧል ማለት ነው።

ሽባባው፦ በገዛሁት ድንጋይ አንቺ ልታስተምሪኝ!

እንጉዳይ፦ መግዛትና ማወቅ ለየቅል ናቸው። አንተ ገዛህ፣ እኔ አወቅሁ።

ሽባባው፦ ሰማዩ ጥቁር ሆነ እኮ፣ እኔ እዚህ ድንጋይ ውሃ አጠጣለሁ!

እንጉዳይ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በል፣ ማጭዱን ግንዱ ላይ አሳርፈውና እጀታውን በጉልበትህ ጠብቀው። ማጭዱ አይነቃነቅም፣ የሚሄደው ድንጋዩ ነው።

ሽባባው፦ ብረቱን ድንጋዩ ላይ ነው የሚያሹት፣ እኔ እንደማውቀው።

እንጉዳይ፦ እሱ ለቢላዋ ነው። ቀጥ ያለ ነገር ከሆነ ድንጋዩን ታስቀምጥና ብረቱን ትነዳዋለህ። ጎባጣ ከሆነ ግን ድንጋዩ ነው የሚዞረው። እኔም አንዱን ጎባጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ዞሬዋለሁ፣ አውቃለሁ።

ሽባባው፦ ይኼ ለኔ ነው?

እንጉዳይ፦ ለማጭዱ ነው። ጋደም አድርገው። እንደሱ አይደለም! ካስተኛኸው ሆዱን ነው የምታክለት፣ ካቆምከው ደግሞ አፉን ትገድለዋለህ። በድንጋዩና በብረቱ መካከል የክብሪት እንጨት የምታሾልክ ክፍተት ትበቃለች።

ሽባባው፦ እንዲህ?

እንጉዳይ፦ እንዲያ። ጣትህን አንሳ! ከስለቱ ፊት ጣት አይቀመጥም፣ ገበያ ወጥተህ ሌላ አትገዛ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲሉ አልሰማህም?

ሽባባው፦ እንዳልሠራሁበት ሰው አታድርጊኝ። ጥሩወርቅ ቤት ቢላዋ የምስለው እኔ ነበርኩ።

እንጉዳይ፦ ሰምቻለሁ። የወጥ ቤት ቢላዋዋን ሞርደህ ሞርደህ ወስፌ አድርገህ መለስክላት አሉ።

ሽባባው፦ ማነው ያለ?

እንጉዳይ፦ ገበያው ነዋ። ሥጋ ይቆርጥ የነበረ ቢላዋ ማዳበሪያ መስፋት ጀመረ እየተባለ ሲሳቅ ነው የከረመው።

ሽባባው፦ እሷም እሱን ሰበብ አደረገችው እንጂ…

እንጉዳይ፦ ለምኑ ሰበብ?

ሽባባው፦ ለምንም። ይኼ አይበቃም?

እንጉዳይ፦ ጥፍርህን በጀርባው በኩል አሳልፈው። ምን ይልሃል?

ሽባባው፦ የሚይዝ ነገር አለው። ሻካራ ነገር።

እንጉዳይ፦ ጢም አወጣ። ያ ጢም ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪወጣ ነው ሻካራው ፊት ላይ የምትቆየው። አሁን ድንጋዩን ገልብጠው። ለስላሳው ፊቱ ጢሙን ይላጨዋል።

ሽባባው፦ ለስላሳ ፊት አለው እንዴ?

እንጉዳይ፦ የሰማይ ያለህ! ስድስት ዓመት በኪስህ ይዘኸው ስትዞር አንድ ቀን ገልብጠህ አላየኸውም?

ሽባባው፦ ይኼስ ለድንጋዩ ነው?

እንጉዳይ፦ እሱን ራስህ ድረስበት። እጅህን ቀለል አድርግ። ለስላሳው ላይ ጉልበት አይወደድም።

ሽባባው፦ እኔ የምለው… ይኼን ሁሉ ከማን ተማርሽ?

እንጉዳይ፦ ከችግር። በሄድክበት ዓመት ጤፉ ደረሰ፣ ማጭዴ አልቆርጥ አለ። ጎረቤት ደጅ ሄጄ «ሳሉልኝ» ስል «ባልሽ የት ሄዶ?» ይሉኛል። እያወቁ! ሦስት ቤት ለመንኩ። አራተኛው ደጅ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝና ተመለስኩ።

ሽባባው፦ የነማን ቤት?

እንጉዳይ፦ ሄደህ ልትጣላልኝ ነው? አሁን? ተቀመጥ። ያን ዕለት ነው ድንጋይዋን ከጭቃ ያወጣኋት። ሁለት ጊዜ እጄን ቆርጫለሁ፣ ያውልህ ጠባሳው። በሦስተኛው ቀን ማጭዱ ጭድ መላጨት ጀመረ። መጥረቢያውን አስከተልኩ፣ ቢላዋውን አስከተልኩ። ዛሬ እነዚያው ሦስት ቤቶች ማጭዳቸውን ተሸክመው እኔ ደጅ ይሰለፋሉ።

ሽባባው፦ ትስይላቸዋለሽ?

እንጉዳይ፦ ለምን አልስልላቸው? ሴቶቹ ሲመጡ ብቻ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ባሎቻችሁ የት ሄደው?»

ሽባባው፦ ኪኪኪ! አንቺ ሴት…

እንጉዳይ፦ አትሳቅ። አንተ እዚህ ላይ መሳቅ አይፈቀድልህም።

ሽባባው፦ እንጉዳይ፣ ያን ጊዜ እኔ እኮ…

እንጉዳይ፦ ተወው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሥራህን ጨርስ።

ሽባባው፦ ጨረስኩ። እስቲ በጣቴ ልሞክረው…

እንጉዳይ፦ በጣት አይሞከርም! እንካ ጭዷን። አንጠልጥለህ ያዛትና በስለቱ ነካ አድርጋት።

ሽባባው፦ ቆረጣት! አየሻት? ጎንበስ እንኳ ሳትል ቆረጣት!

እንጉዳይ፦ እንኳን ደስ ያለህ። በአርባ ሁለት ዓመትህ ማጭድ ሳልክ። ያ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሽባባው፦ ዕቃ ነው።

እንጉዳይ፦ የብርድ ልብስ ጫፍ አያለሁ። ለአንድ ቀን አጨዳ ብርድ ልብስ?

ሽባባው፦ የኅዳር ብርድ ነው፣ ምን ታውቂያለሽ?

እንጉዳይ፦ የድስት እጀታም አያለሁ። ድስቱንም በረደው?

ሽባባው፦ እሺ፣ አስወጣችኝ! ዕቃዬን በር ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ደስ አለሽ?

እንጉዳይ፦ ደስ ይለኛል ብዬ ሦስት ዓመት ጠብቄ ነበር። አሁን ስቀምሰው ጨው የለውም።

ሽባባው፦ ሰማሽው? ሰማዩ አጉረመረመ። ልሂድ በቃ። ብቻዬን እስኪመሽ ሩቡን ባተርፍ ነው። እንጉዳይ… አፍ የለኝም፣ ግን ከወንፈሎችሽ አንድ ሁለት ሰው ብትለምኚልኝ?

እንጉዳይ፦ ለምኛቸዋለሁ።

ሽባባው፦ መቼ?

እንጉዳይ፦ ትናንት። «ሽባባው የማንን ወንፈል መልሶ ያውቃል? ጤፉ ይርገፍበት!» አሉኝ።

ሽባባው፦ እውነታቸውን ነው።

እንጉዳይ፦ እኔም እውነታችሁን ነው አልኳቸው። «ግን በኔ ስም ግቡ» አልኩ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ገባን። ማሳህ ትንሽ ናት፣ ረፋዱ ላይ ጨረስናት። ተከምሮ ሸራ ለብሷል።

ሽባባው፦ የኔ ጤፍ?

እንጉዳይ፦ ጠዋት ያጨድነው የማንን መሰለህ?

ሽባባው፦ ታጭዷል? ታጭዶ ነው ይህን ሁሉ ሰዓት እዚህ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ የምታሳሺኝ?

እንጉዳይ፦ መታጨዱን ብነግርህ ኖሮ ትስለው ነበር?

ሽባባው፦ ለምን አደረግሽው?

እንጉዳይ፦ እህሉ ምን በደለ? የኔ ዘግይቶ ስለተዘራ ቀን ይሰጣል፣ ያንተ እየረገፈ ነበር። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።

ሽባባው፦ አልመሰለኝም።

እንጉዳይ፦ ጥሩ።

ሽባባው፦ ትንሽ ግን መስሎኛል።

እንጉዳይ፦ እንዳይመስልህ አልኩ! ደግሞ ያን ማዳበሪያ ወዴት ነው የምትጎትተው? በዚህ በር አይገባም። ብርድ ልብስህም ድስትህም እህትህ ቤት ያድራሉ።

ሽባባው፦ እሺ፣ ይደሩ። እኔስ?

እንጉዳይ፦ አንተማ ማጭድህ ተስሏል። ሰባት ሰው አጭዶልሃል፣ ሰባት ቀን አለብህ። የዛሬው የኔ ነው፤ ወደ ማሳዬ ቅደም፣ መንገዱን ታውቀዋለህ።