ፀሐይ ሳትጠልቅ አይፈታም

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ አቶ ልደቱ ክብረት
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ጥበቃ
አድራሻ፦ የካ ክፍለ ከተማ፣ ወደ እንጦጦ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ዳር
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

በባለቤቴ በወይዘሮ ታደለች ላይ በደረሰው ጉዳት አቶ ሲሞን ተጠርጥሮ መያዙን አውቃለሁ። አቶ ሲሞን እባቦችን በመስታወት ሣጥን አስቀምጦ ለጎብኚ የሚያሳይ ሰው ሲሆን፣ እኔ በጥበቃ፣ ባለቤቴ በጽዳት ተቀጥረን እንሠራለን። ከእባቦቹ አንዱ ከማዳጋስካር ደሴት የመጣ ቡናማ እባብ ነው። የመርዙ ጥርስ ከአፉ በስተኋላ መሆኑን፣ መርዙም ለእንቁራሪት እንጂ ለሰው መግደያ እንደማይበቃ አቶ ሲሞን ሥራ ስንጀምር ነግሮናል። እኔ ግን እባብ ያው እባብ ነው ብዬ አላመንኩትም።

ጥቅምት 25 ቀን ከጠዋቱ 3፡30 ሲሆን ባለቤቴ የሣጥኑን ውሃ ስትቀይር ይኸው እባብ ቀኝ እጇን ነከሳት። ጩኸቷን ሰምቼ ደረስኩ፤ አስለቅቄ ክንዷን ከክርኗ በታች በሲባጎ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። በልጅነቴ ታናሽ እህቴ ሀይማኖት በእባብ ተነድፋ ሞታለች፤ የሞተችውም ማሰሪያው ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለተፈታ ነው ሲባል ነው ያደግሁት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እኔ ነኝ። ባለቤቴን ደግፌ እዚያው አጠገብ ወዳለው ቤታችን አስገባኋት።

ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ አቶ ሲሞን ከሲግናል ሰፈር ሲመለስ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «ጋሽ ልደቱ፣ በፈጠረዎት ይፍቱላት! እባቡ አይገድላትም፤ እጇን የሚያሳጣት ገመዱ ነው» አለኝ። እኔም በሩን ቆልፌ ዱላ ይዤ ቆምኩ። ጎረቤቶችም ከእኔ ጋር ሆነው ሰደቡት። እሱ ከበሩ ውጭ ሲለምን ዋለ።

እጇ አብጦ ጠቆረ። «ልደቱ፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም፤ ትንሽ ላላ አድርግልኝ» ስትለኝ፣ «ቻይ፣ ፀሐይዋ ትጥለቅ» አልኳት። 12፡15 ላይ ስፈታው ጣቶቿ አልተንቀሳቀሱም። ሆስፒታል ያደረሳት አቶ ሲሞን በመኪናው ነው። ሐኪሙ ንክሻው ቀላል መሆኑን፣ እጇን የገደለው የደም መቋረጥ መሆኑን ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። በሦስተኛው ቀን እጇ ተቆረጠ።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ እጇን ያሳጣት እባቡ ይመስላታል። ለጠያቂ ሁሉ «ልደቱ ባያስርልኝ ሞቼ ነበር» ትላለች፤ በቀረው እጇ እጄን ይዛ ትስመዋለች። አቶ ሲሞንን የከሰሰችውም እሷ ናት። እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ አልሆነልኝም።

መርማሪው በማን ላይ እንደምመሰክር ሲጠይቀኝ፣ በራሴ ላይ ነው ብያለሁ። ይህ ቃል ለባለቤቴ እንዳይነበብ ለምኜ፣ ከሳሽ እሷ ስለሆነች መስማቷ እንደማይቀር ተነግሮኛል።

በክስ ማመልከቻዋ ላይ ያለው የጣት አሻራ የእሷ መሆኑን ተጠይቄ አረጋግጫለሁ። ባለቤቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስሟን መጻፍ ተምራ፣ ከዚያ ወዲህ በአሻራ ፈርማ አታውቅም ነበር።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የራሴ ቃል ነው፤ እውነት ነው፤ የደበቅሁት የለም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ኤቢሳ ____________