ከግድግዳው ወዲያ ያለ እጅ

ሐሙስ ከሰዓት ዝናብ አባሮኝ ከጸሎት ቤቱ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር ተጠልዬ ሳለሁ ጎረቤታችን ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የዳቦ ጆንያ ተሸክመው እያለከለኩ ደረሱ። ኮታቸው ደረት ላይ መርፌ ስለማይጠፋ ሁሉም "አባባ መርፌ" ነው የሚላቸው።

"አንቺ፣ እጅሽን አጣጥፈሽ ከምትቆሚ ያዢልኝ።"

"አባባ፣ እኔ እኮ ዝናቡን ሽሽት ነው የመጣሁት።"

"ፈጣሪ ነው በዝናብ የነዳሽ። ግቢ!"

የገባንበት የማኅበራቸው የምጽዋት ክፍል ነው፤ ጠባብ፣ መስኮት የሌለው። ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ከወገብ ከፍታ፣ ክንድ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተበስታ አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሎባታል። ከበላይዋ ሰሌዳ አለ፦ "አትይ። አትጠይቅ። አትናገር።" ውጭ በኩልም ይኸው ተጽፏል አሉኝ።

"እንዴ፣ እስር ቤት ነው?"

"ምላስሽን ሰብስቢ። ሰጪ ተቀባዩን አያይም፣ ተቀባይም ሰጪውን። የሚያፍር የለ፣ የሚኮራ የለ። አርባ ዓመት እንዲህ ሰጥተናል።"

እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ነበር። እጆቹ መምጣት እስኪጀምሩ ድረስ።

መጋረጃው ይነቃነቅና አንድ ክንድ እስከ ክርኑ ይገባል። መዳፉ ይከፈታል። ዳቦና ሳሙና በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልለን እናስቀምጥበታለን፤ ይዘጋል፣ ይሄዳል። ድምፅ የለም፣ ሳል እንኳ የለም። አንዱ እጅ እሳት የበላው ነው፣ "ካርታ" አልኩት። አንዷ ጥፍሯን እስከ ሥጋው በልታ የጨረሰች ናት፣ "ጥፍር በሊታ" አልኳት።

"ስም አታውጪ!"

"ፊት ከከለከሉን ስም እንኳ ይኑራቸው እንጂ።"

ስድስተኛው እጅ እንደ ሌሎቹ አልገባም። ከታች ወደ ላይ፣ እስከ አንጓው ብቻ ብቅ አለ። ጥቅሉን ሳስቀምጥበት ጣቶቹ ነኩኝ፤ ከጉድጓድ ውኃ የወጡ ይመስል በረዶ ናቸው። ዳቦውን አልያዘም። የጨርቁን ጠርዝ ብቻ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አድርጎ ቀስ እያለ አሸት አሸት አደረገው። ጥቅሉ ተንከባሎ ወደቀ። መዳፉ እንደተከፈተ ቀረ።

"አባባ፣ ይሄ ሰውዬ አሞታል።"

ዞር ስል ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው ከግድግዳው ርቀው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ሰው አይደለም" አሉ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ጨርቅ እንደዚያ የሚዳብስ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ አብረን ሰፍተናል። በአንድ ኮት ኪስ ተጣልተን ጥሎኝ ሄደ፤ በሰው አገር ሞተ ብለው አረዱኝ። እርሜን አውጥቻለሁ። አራት ወር ሆነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል።"

"አራት ወር! እርስዎስ ምን አደረጉ?"

"ጸለይኩ። ዳቦም ሰጠሁት።"

"ሙት ዳቦ ይበላል እንዴ አባባ?"

"አልጠየቅሁም። አትጠይቅ ይላል።"

"በቃ፣ እኔ ወጥቼ ልየው።"

"ተዪ! ብትወጪና ማንም ባይኖርስ? እሱ ራሱ ቢሆንስ? ያ ኩሩ ሰው ሲለምን ካዩት በኀፍረት ይሞታል። ሕጉ የወጣው ለዚህ ነው።"

"አባባ፣ ይቆጡኝ ካሻዎት። ሕጉ የሚጠብቀው እሱን ከኀፍረት ነው ወይስ እኛን ከጣጣ? ካዩት አሞሃል ወይ ሊሉት ነው፣ የት ታድራለህ ሊሉት ነው። ዳቦ አቀብሎ መቀመጥ ይቀላል።"

"አንቺ ባለጌ..."

አልጨረሱትም። እጁ መንሸራተት ጀመረ፤ ጣቶቹ የቀዳዳዋን ጠርዝ ጨበጡ። ትንሿ ጣት ለቀቀች፣ ቀጥላ ሁለተኛዋ። የሚጎትተው ያለ አይመስልም፤ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ሦስተኛዋ ስትለቅ ሽማግሌው ዘለው በሁለት እጃቸው ያዙት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

"ሩጪ" አሉኝ። "እዪልኝ።"

ዞሬ ወጣሁ። ከግድግዳው ጀርባ ሰዎች ዝናብ ላይ ተሰልፈዋል። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ፤ ማንም ማንንም አያይም። ከግድግዳው ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለዋል፤ አንድ ክንዳቸው ወደ ላይ ተዘርግቶ ግድግዳው ውስጥ ጠፍቷል። ለካ መቆም አቅቷቸው ነው ከታች የሚዘረጉት።

"ለምን አላነሣችኋቸውም?" ብዬ ጮህኩ።

ከፊት የቆመችው ሴት ቀና ሳትል "አትይ ይላል እኮ የኔ እናት" አለችኝ።

ከቀዳዳው ውስጥ የአባባ መርፌ ድምፅ መጣ። "ልጄ፣ ፊት አለው?"

"አላቸው አባባ! መላጨት ብቻ ነው የቀራቸው!"

ሰውየው ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። "መርፌ የበሳውን ጣቱን ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ" አሉኝ። "አትናገር ስለሚል ነው ዝም ያልኩት።"

ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ሐኪሙ ሳንባቸው ነው አለ፤ አንድ ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አባባ መርፌ ራሳቸው ተነሡ። "ሰውን ከኀፍረት እንጠብቃለን ብለን ከሰው አራቅነው" አሉ። ሌላ ንግግር አላስፈለገም፤ ሰሌዳውን እኔው በመዶሻ አወረድኩት። አሁን የምንሰጠው በበሩ ነው። ወንበር አለ፤ ስም ይጠየቃል፤ ሰው ፊት መቆም ለሚከብደው ለብቻው የሚገባበት ጓዳ አለ። የካርታ እጅ ታክሟል። የታመመ ይታወቃል፣ የቀረ ይፈለጋል። ሁለቱ ሰፊዎች በሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለዚያች ኪስ እስከ ዛሬ ይነታረካሉ።

ጥፍር በሊታ ግን በበሩ አልመጣችም። በቀዳዳዋ አሥራ አንድ እጅ ነበር የሚገባው፣ በበሩ የአባባን ጓደኛ ጨምሮ አሥር ሰው ነው የመጣው። ስሟን የሚያውቅ የለም፣ መልኳን ያየ የለም፤ ማንን ብለን እንፈልግ? ቀዳዳዋ ትደፈን ሲባል አባባ መርፌ እምቢ አሉ። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ጥቅል ከመጋረጃው ሥር አስቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔም መንገድ ስሄድ የሰው ፊት ማየት ትቼ እጅ እጁን አያለሁ።