ከጭቃ ከወጡ በኋላ

በ1994 ዓ.ም. ክረምት፣ ክልላችን ከተቋቋመ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ጋምቤላ ውስጥ ጤና መኮንን ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ አቦቦ ላይ ሥራዬን ጨርሼ ወደ ከተማ የሚመልሰኝ መኪና ስጠብቅ፣ ወደ ፑኝዶ የምትሄድ አዲስ ጂፕ አጠገቤ ቆመች። መሪውን የያዙት የጤና ቢሮው ሾፌር ጋሽ ፈረጅ ነበሩ።

«ዶክተር፣ አላህ ነው ያገናኘን» አሉኝ። «ፑኝዶ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን የሆናት ሴት አለች። ሆስፒታል ልናመጣት ነው። እባክህ አብረኸን ሂድ።»

ገባሁ። ጋሽ ፈረጅ የወሎ ሰው ናቸው፤ በሰፈራው ጊዜ ሰፋሪዎችን በጭነት መኪና አምጥተው እዚሁ ቀሩ። ሠላሳ ዓመት ሲነዱ አንድ ሰው አላቆሰሉም። ከጎናቸው የተቀመጠው ቢየል የኢታንግ ልጅ ነው፤ ናዝሬት መካኒክነት ተምሮ ከተቀጠረ ሁለት ወሩ ነበር።

ከአቦቦ አልፈን ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ስንገባ መኪናዋ ጉልበት አጥታ ቆመች። ጋሽ ፈረጅ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ተጫኑ። ጎማዎቹ ጭቃውን እየረጩ ተሽከረከሩ፤ ወደፊትና ወደኋላ ጥቂት ካወዛወዟት በኋላ ወጣን።

«አየህ፣ ዶክተር?» አሉ። «ይቺ መንሸራተት ትከለክላለች የሚሏት ነገር ጎማው ሲንሸራተት ነዳጁን ትቀንሳለች። ጭቃ ውስጥ ነዳጅ ከተቀነሰ እዚያው መቅረት ነው። እኔ አጥፍቻት ወጣሁ።»

«እዚህ ላይ ትክክል ነዎት፣ ጋሽ ፈረጅ» አለ ቢየል። «ጭቃ ውስጥ ማጥፋት ነው። አሁን ግን ከጭቃው ወጥተናል። እባክዎ መልሰው ያብሯት።»

«ለምን ብዬ?»

«ጠጠሩ እርጥብ ነው። መኪናዋ ድንገት ከዞረች ይቺ መሣሪያ አንዱን ጎማ ብቻ ለይታ ፍሬን ትይዛለች። የእኛ እግር ግን አንድ ነው፤ አራቱን ጎማ ለያይቶ መያዝ አይችልም።»

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ የዴዴሳን ቁልቁለት ሃያ ሰው ጭኜ ወርጃለሁ። ያኔ ሞግዚት አልነበረችኝም። በስተርጅና ትሾምብኝ?»

«እርስዎን ልትሽር አይደለም። ልታግዝዎ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ? የተማርክ ሰው ነህ።»

የቢየል ንግግር ልክ መሆኑ ገብቶኝ ነበር። ግን በልጅ ፊት ሽማግሌ ማሳፈር ከበደኝና «ጋሽ ፈረጅ ያውቃሉ» አልኩ። ብዙ ጊዜ ጨዋነት የምንለው ነገር ፍርሃት ነው፤ ይህን የተማርኩት በዚያ ቀን ነው።

ፑኝዶ ስንደርስ ምጥ የያዛትን ኛኩዎልን ባሏ ዱዎት አቅፎ አስገባትና አብሮን ተሳፈረ። ደም እየፈሰሳት ነበር። ግሉኮስ ሰቀልኩላት፤ ጋሽ ፈረጅም ከመጣንበት ይበልጥ እየፈጠኑ ተመለሱ። ጭቃውን በሰላም አለፍን። ቢየል አንድ ጊዜ «ጋሽ ፈረጅ፣ ቁልፏን» አለ። እሳቸው ነዳጁን ረገጡ።

አቦቦ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከብቶች ከሣሩ ወጥተው መንገዱን ዘጉት። ጋሽ ፈረጅ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዙ፤ የመኪናዋ ኋላ ግን ወደ ቀኝ ሸሸ። ሊመልሱት ሲሞክሩ ይባስ ዞረችና ቦዩ ውስጥ በጎኗ ወደቀች። እኛ አራታችን በጭረት ተረፍን። ኛኩዎል ግን ሌላ መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር፣ ዱዎት በጃኬቱ ከዝናብ እየጋረዳት፣ እጄ ላይ አረፈች። ሕፃኑም አልተረፈም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ፈረጅን የቢሮው ጋራዥ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቢየል ከፊታቸው ቆሟል።

«ከብት ነው የገባብን» አሉ። «ደሟም ቀድሞ አልቆ ነበር። ቀኗ ደርሶ ነው።»

«ቀኗን እኔ አላውቅም» አለ ቢየል። «መንገዱን ግን አውቃለሁ። ይምጡና በገዛ እጅዎ ይዩት።»

ያቺን ጂፕ የምትመስል ሁለተኛ መኪና ነበረች። ዝናብ ወደ ጠጣው የኳስ ሜዳ ወሰድናት። ቢየል መሬት ላይ ጣሳ አቁሞ «በመጠነኛ ፍጥነት መጥተው ከጣሳው ድንገት ይሽሹ» አላቸው። ቁልፏን አጥፍተው ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ መኪናዋ እንደ እንዝርት ዞረች። አብርተው ሲሞክሩ ትንሽ ተንገጫገጨችና ቀጥ ብላ አለፈች። ደገሙት። ያው ሆነ።

ሞተሩን አጠፉ። ከዚያ ልጁን ቀና ብለው ሳያዩ ጠየቁት።

«መሣሪያዋ በርታ ቢሆን ኖሮ ኛኩዎል ትተርፍ ነበር?»

ቢየል መዋሸት ይችል ነበር። «መኪናዋ አትወድቅም ነበር መሰለኝ» አለ። «እሷ ሆስፒታል ደርሳ ትተርፍ እንደነበር ግን አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አልኩ። «የማውቀው ልክነቱን እያወቅሁ አለመናገሬን ነው።»

«አንተማ ሳትናገር ቀረህ» አሉኝ። «እኔ ግን ተነግሮኝ እንቢ አልኩ።» ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ ሾፌሮቹን ሰብስበው ያደረጉትን አንድም ሳይደብቁ ነገሯቸው። «ጭቃ ወይም አሸዋ ሲይዛችሁ አጥፏት፤ አለዚያ አትወጡም። እንደወጣችሁ ግን ወዲያው አብሯት። በእርጥብ ጠጠር፣ በመታጠፊያ፣ ከብት በሚያቋርጥበት ሁሉ እጃችሁ የማይደርስበትን ትይዝላችኋለች። ብርታቷን አምናችሁም አትብረሩ፤ ፍጥነት ከበዛ እሷም አታድንም። ትንሽ ልጅ ቢመክራችሁ ስሙ።»

ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም። አዲስ ሾፌር ሲቀጠር ከጎኑ ተቀምጠው መንገዱን ያሳዩታል። በቀጣዩ ክረምት አንድም መኪና አልወደቀችም፤ ብዙ ወላዶችም በሰላም ደረሱ። ዱዎት ግን ከፑኝዶ ወጥቶ ወደ ዘመዶቹ ሄደ፤ የት እንዳለ የነገረን የለም።

አንድ ቀን ላጽናናቸው ብዬ «ጋሽ ፈረጅ፣ በምክርዎ ስንት ሰው እንደዳነ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የዳነውን አንተ ቁጠር» አሉኝ። «እኔ ስሟን የማውቀው የአንዷን ነው።»